በካርታ የተሻገረው ቤት

መጽሐፌን ያነበቡ ሰዎች ሲያገኙኝ ስለ ታሪኩ አይጠይቁኝም፤ የሚጠይቁኝ ስለ ካርታዎቹ ነው። «እነዚህን ሁሉ ደሴቶች ራስሽ ነሽ የሳልሻቸው?» ይሉኛል። እኔ ነኝ። «ታዲያ ካርታው በየምዕራፉ ለምን ይለዋወጣል?» ደሴቶቹ ስለሚሄዱ ነዋ! ሌሊት ሌሊት ዓሣ ነባሪዎች በገመድ እየጎተቱ ቦታ ያለዋውጧቸዋል፤ ትናንት ጎረቤትህ የነበረው ደሴት ዛሬ ጠዋት የለም። እንዲህ ያለ ዓለም ፈጥሬ ካርታ ሳልስል ልጻፍ ብል የራሴን ጀግና የት እንዳስቀመጥኳት ይጠፋኝ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ እስላለሁ፣ ከዚያ እጽፋለሁ።

ከካርታዎቹ አንዱ ግን መጽሐፉ ውስጥ አልገባም። ባል ያገኘሁት በእሱ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ካርታ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ስሜ ኤርሲሊያ ነው። በደቡብ ባሕር ያለችው ደሴት የቺሎኤ ልጅ ነኝ። መንደራችን ሊዩኬ ናት፤ ከባሕር ሰርጡ ወዲያ ማዶ ደግሞ ኬቲሎ የምትባል መንደር አለች። ሰማዩ ከገለጠ የማዶው ሰው ምን ልብስ አጥቦ እንዳሰጣ ከእኛ መስኮት ይታያል። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች የምኖረው ከአባቴ ከዶን ፊሊዶር ጋር ነበር። አባቴ አንድ ጥማድ በሬ አለው፤ ከጣሪያ ላይ ወድቆ የተሰበረ ጉልበትም አለው። እኔ ኬቲሎ ትምህርት ቤት ለልጆቹ ምግብ አበስላለሁ፤ ጠዋት በጀልባ ሄጄ ማታ እመለሳለሁ።

ወረቀት ውድ ነው፤ እኔ ደግሞ የምስለው ብዙ ነው። የኬቲሎ ቤተ ክርስቲያን ሲታደስ የተረፈውን የሲሚንቶ ከረጢት ሁሉ ለምኜ ወሰድኩ። አራግፌ፣ ቀድጄ ዘርግቼ፣ በካውያ እተኩሰዋለሁ። ቢጫውን ከሽንኩርት ልጣጭ፣ ሐምራዊውን ከጫካ እንጆሪ፣ ጥቁሩን ከምድጃ ጥቀርሻ አወጣለሁ።

«ልጄ፣» ይለኝ ነበር አባቴ፣ «ሌላው ሰው በሲሚንቶው ቤት ይሠራል፤ አንቺ በከረጢቱ አገር ትሠሪያለሽ።»

አንድ ቀን ጠዋት ጀልባዋ ላይ አዲስ ሰው አገኘሁ። ሽማግሌው ጀልባ ነጂ ወገቡ አልታዘዝ ብሎት ሥራውን ለወንድሙ ልጅ ለሮሳሜል አስረክቦ ነበር። እኔ ግን ሰው የማይበት ጊዜ አልነበረኝም፤ ጥግ ይዤ ጉልበቴ ላይ አንድ ወሽመጥ እየሳልኩ ነው። ነፋሱ መጣና ወረቀቱን ከእጄ ነጥቆ ባሕር ላይ ጣለው።

«ወይኔ አገሬ!» ብዬ ጮህኩ።

ሮሳሜል ምን እንደወደቀ እንኳ አልጠየቀም። ጀልባዋን ከነተሳፋሪዋ አዞራት። ሴቶቹ አጉረመረሙ፤ አንድ ሰውዬ «የሐኪም ቀጠሮ አለኝ እኮ!» እያለ ተነጫነጨ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን በመቅዘፊያ አወጣና እየተንጠባጠበ ሰጠኝ።

«ደሴቶችሽ ጠግበው ጠጥተዋል» አለኝ። ከዚያ አንገቱን ሰገግ አድርጎ አየው። «የት አገር ነው? ይሄን ዳርቻ አላውቀውም።»

«የለም።»

«የለም ማለት?»

«የትም የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

«አሃ!» አለ ወደ ተሳፋሪዎቹ ዘወር ብሎ። «ይህን ሁሉ ሰው ይዤ የዞርኩት ለሌለ አገር ነው?»

ሊቆጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ እሱ ግን ካርታውን እንደገና አየና በቁም ነገር ጠየቀኝ።

«እሺ፤ ጀልባ የሚታሰረው የት ጋ ነው?»

እኔ እንግዲህ በዚያች ጥያቄ ተያዝኩ። ስንቱ ሰው ሥዕሎቼን አይቶ «ጎበዝ ነሽ» ብሎኝ አልፏል! ልግባበት ያለኝ እሱ የመጀመሪያው ነው። እጁን አየሁት፤ ጣቶቹ በገመድ የሻከሩ ናቸው፣ ወረቀቱን ግን እንደ ጫጩት ነበር የያዘው።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሰላምታችን አንድ ሆነ።

«ዛሬስ ደሴቶቹ የት አደሩ?»

«ወደ ምሥራቅ ሄደዋል።»

«ሳይነግሩኝ?»

«ላንተ ምን ብለው ይነግሩሃል! የደሴት አለቃ ነህ?»

ልብ ወለድ ማንበብ አይሆንለትም። «ሁለተኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል» አለኝ። «ከእናቴ የወረስኩት ነው። እሷን ደግሞ ቅዳሴ ላይ ነው የሚጥላት።» ስለዚህ ታሪኩን በካርታዎቹ ይከታተለው ጀመር። አንድ ምዕራፍ በጨረስኩ ቁጥር ካርታውን እሰጠዋለሁ፤ እሱ የጀልባዋ ክፍል ግድግዳ ላይ በሚስማር ይመታዋል። «እዚህ ደሴት ላይ ያለችው ልጅ ለምን አትሻገርም?» ይለኛል። «ባሕሩ ክፉ ነው» እለዋለሁ። «ጀልባ ነጂ የላቸውም?» ይላል። እስቃለሁ። ሳቄን እንደሚጠብቅ ያስታውቅበት ነበር።

አንድ ቀን ማታ ስንመለስ ጉም መሀል ሰርጡ ላይ ያዘን። ሌላ ተሳፋሪ አልነበረም። ሮሳሜል ሞተሩን አጠፋና ጉሙ እስኪገፈፍ ተቀመጥን። ወደ እኔ አላየም፤ እኔም ወደ እሱ አላየሁም። ወረቀቴ ጉልበቴ ላይ አለ።

«ኤርሲሊያ፣» አለ ቆይቶ፣ «ከእነዚህ ደሴቶች በአንዱ ላይ ለእኔ የሚሆን ቦታ አለ?»

«ምን ልትሠራበት?»

«ልኖርበት።»

እርሳሴን ይዤ ካርታው ላይ ጎነበስኩ። ከዳርቻው ከፍ ብላ አንዲት ነጥብ ነካሁ።

«እዚህ።»

«ጎረቤቴስ ማን ነው?»

«እኔ» አልኩት።

ጉሙ ሲገፈፍ ሞተሩን ለማስነሳት አልቸኮለም። እኔም አልቸኮልኩም።

«ታዲያ ተጋቡአ!» ትሉኝ ይሆናል። ቆይ፣ ነገሩ እንደምታስቡት አይደለም።

ሮሳሜል የእናቱ የዶኛ ብላንዲና አንድ ልጅ ነው። እሳቸው ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ «ሙሽራ ሆኜ ከገባሁበት ከዚህ ቤት የምወጣው ሬሳዬ ሲወጣ ብቻ ነው» ብለው የማሉ። እኔ ደግሞ ጉልበቱ የማይታጠፍ አባት አለኝ። ክረምት ሲገባ የሰሜኑ ነፋስ ሰርጡን ይዘጋዋል፤ አንዳንዴ ሳምንት ሙሉ ጀልባ አይሻገርም። እኔ ማዶ ባገባ ለአባቴ እንጨት የሚፈልጥለት የለም፤ እሱ ወዲህ ቢመጣ እናቱ ብቻቸውን ይቀራሉ።

አባቴን ሳማክረው፣ «ሂጂ ልጄ፣ አግቢ። እኔ ድንች ቀቅዬ እበላለሁ» አለኝ፤ ጉልበቱን እያሻሸ። አባቴ በዕድሜው ድንች ቀቅሎ አያውቅም። እንዲህ ያለ ምርቃት ተቀብሎ እንዴት ይኬዳል?

እኛ አገር ለዚህ መድኃኒት አለው። ቤታችን ከእንጨት ነው፤ ሰው ቦታ ሲቀይር ቤቱንም ይዞ ይሄዳል። ጎረቤት ይጠራል፣ በየብስ በሬ፣ በባሕር ጀልባ ይጎትተዋል። ሚንጋ እንለዋለን፤ ደቦ ነው። ግን ሕግ አለው፤ የቤቱ ባለቤት በየሰው ደጅ ሄዶ በአፉ መለመን አለበት። ያልተለመነ አይመጣም፣ የተለመነም እንቢ አይልም። ከእኛ ዳርቻ ቤት የሚያስቆም ሜዳ ያለው ደግሞ አባቴ ብቻ ነው። ስለዚህ ዶኛ ብላንዲና የአባቴን ደጅ ማንኳኳት ሊኖርባቸው ነው።

እሳቸው ደግሞ ከአባቴ ጋር ከተኳረፉ ቆይተዋል። ባላቸው ኤራስሞ ሲሞቱ አባቴ ለቅሶ አልደረሰም። በቃ፣ ይኸው ነው። አባቴና ኤራስሞ ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ዓሣ ያጠመዱ ጓደኛሞች ነበሩ፣ ለቅሶ ግን አልደረሰም። ሮሳሜል ስለ ደቦው ሲያነሳባቸው «ፊሊዶርን ከምለምን ድንጋይ ብቆረጥም ይሻለኛል» አሉት።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ነገሩን እኔው ራሴ ቆረጥኩት። ተስፋ የሌለውን ነገር በየቀኑ ጠዋትና ማታ ማየት አቃተኝ። ጀልባዋ ከቆመች በኋላ ሌሎቹ እስኪወርዱ ጠበቅሁና አንድ ጥቅል ሰጠሁት።

«ይሄ ምዕራፍ ገና አልተጻፈም» አልኩት።

ገለጠው። የእኛ ቤት አለ። ከጎኑ፣ የአባቴ የፖም ዛፍ ሥር፣ የእናቱ ቤት ቆሟል፤ ሰማያዊው ቀለም፣ ጎባጣው ጭስ ማውጫ፣ መስኮቱ ላይ በቆርቆሮ የተተከሉት አበቦች፣ ሁሉም እንዳለ። ዓሣ ነባሪዎቹ በወፍራም ገመድ ጎትተው አምጥተውታል።

«ምን ይሆናል እዚህ ምዕራፍ ላይ?»

«ሁለቱ ቤቶች ይገናኛሉ። እንግዲህ እኛ ካልሆነልን እነሱ እንኳ በወረቀት ላይ ይሁንላቸው። ከነገ ጀምሮ እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ ውሰደኝ፣ ሮሳሜል። እባክህ።»

ካርታውን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ጥቅሉን ካፖርቱ ውስጥ ከትቶ ገመዱን ሊፈታ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ «ደሴቶቹ የት አደሩ?» የሚለኝ ሰው ጠፋ። ጠዋት ገብቼ ጥጌ ላይ እቀመጣለሁ፣ ማታ ወርጄ እሄዳለሁ። ሲሚንቶ ከረጢቴን ብተኩሰውም የምስለው ነገር አጣሁ። ልጅቷን ደሴቷ ላይ ትቻት ቀረሁ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ ዱቄት በተነሰነሰበት ጠረጴዛ ላይ ለዳቦ ድንች እፍቃለሁ፣ አባቴ ምድጃው አጠገብ ጉልበቱን እያሞቀ ማቴውን፣ የቅጠል ሻያችንን፣ ከቅሉ ይመጥጣል። በሩ ሳይንኳኳ ብርግድ አለ። ዶኛ ብላንዲና! ዝናቡ ከሻርፓቸው ላይ ይንጠባጠባል። ኤራስሞ ከሞቱ ወዲህ የእኛን ዳርቻ ረግጠው አያውቁም።

«ዶን ፊሊዶር!» አሉ። «እኔ እርስዎን ትልቅ ሰው ብዬ ነበር። ቤቴን በድብቅ ሊያስጎትቱ ነው?»

አባቴ ቅሉን እንደያዘ ቀረ። «የምን ቤት?»

«የእኔን ቤት! የኤራስሞን ቤት!»

«ማን አለ?»

«ይኸው፣ ራሱ ይናገር!» ብለው ከሻርፓቸው ሥር ጥቅል አወጡና ጠረጴዛው ላይ፣ ዱቄቱ ላይ ዘረጉት።

ለሮሳሜል የሰጠሁት ካርታ ነው። ኋላ ራሳቸው እንደነገሩኝ፣ ምድጃ የሚያቀጣጥሉበት ወረቀት አጥተው የልጃቸውን ካፖርት ሲበረብሩ ነው ያገኙት። ልጃቸውን «ሊዩኬ አድርሰኝ» ብለውት፣ ለምን ሲላቸውም «የእኔ ጉዳይ ነው» ብለው ጀልባው ላይ ትተውት መጥተዋል። ሌላ አገር ሰው እንዲህ ያለ ሥዕል ቢያይ ስቆ ያልፋል። እኛ ጋ ግን ቤት ከገመድ ጋር ከተሳለ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው።

«ዶኛ ብላንዲና፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣» አልኩ እጄን በሽርጤ እየጠረግሁ፣ «ይሄ የደቦ ዕቅድ አይደለም። የምጽፈው ታሪክ ካርታ ነው። ፈጠራ ነው።»

«ፈጠራ? የጭስ ማውጫዬን ጎባጣነት ፈጥረሽው ነው? አበቦቼንስ?»

«እሱ... ከመስኮቴ ስለሚታየኝ ነው።»

«ገመዱስ?»

«ዓሣ ነባሪዎቹ ናቸው። እነሱ ናቸው የሚጎትቱት።»

«ጭራሽ በዓሣ ነባሪ! እኔ ሰው አጥቼ ነው በዓሣ ነባሪ የምጎተተው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አባቴ ግን መነጽሩን ፈልጎ አደረገ፤ ካርታው ላይ ጎንበስ ብሎ ዱቄቱን በእጁ ጠረገ። ረጅም ጊዜ አየው።

«ይሄማ ልክ አይደለም» አለ።

«አይደለም እንጂ! እኔስ ምን አልኩ?»

«እዚህ ጋ ውሃ ያቁራል ማለቴ ነው። ቤት ከፖም ዛፉ ሥር ቢቆም ወለሉ በመጀመሪያው ክረምት ይበሰብሳል። ከዛፉ በላይ ነው መሆን ያለበት።»

«ከዛፉ በላይ? ነፋሱ ጣሪያዬን ሊገነጥለው?»

«የሰሜኑን ነፋስ ኮረብታው ይጋርደዋል።»

«የምዕራቡንስ ማን ይጋርደዋል? እርስዎ ቆመው ይጋርዱታል?»

«የምዕራቡ የእኔ ጎተራ ላይ ነው የሚያርፈው።»

«እሺ ደጃፌ ወደየት ይዞራል?»

«ወደ ፀሐይ መውጫ ነዋ።»

«ወደ ፀሐይ መውጫማ ከዞረ ከአልጋዬ ስነሳ የማየው አንተን ሊሆን ነው!»

አባቴን «አንተ» ብለውታል። ዶኛ ብላንዲናም የሰሙት ይመስለኛል፤ አፋቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ያዙ። ሲነጋገሩ ለካ ቤቱን አምጥተው አቁመውታል፣ የቀራቸው በሩ ብቻ ነው! ሁሉ ነገሬ በእነዚህ በሁለቱ አፍ ላይ ነው ያለው፤ አንድ ቃል ቢሳሳቱ አለቀልኝ።

«ለቅሶ አልደረስክም፣ ፊሊዶር» አሉ ቀስ ብለው።

«ባሕሩ ተዘግቶ ነበር።»

«ተከፈተ እኮ። ሲከፈትስ?»

አባቴ መነጽሩን አወለቀ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የአባቴ ዝምታ ግን እስከዚያች ቀን ድረስ ነቅዞ ነበር።

«አፈርኩ» አለ። «ሰው ሁሉ አልቅሶ ከተበተነ በኋላ ምን ብዬ ልምጣ? ዛሬ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ስል ቀናት ሆነ። በኋላ ዓመት ሆነ። በኋላማ ደጅሽን በምን ፊቴ ልርገጠው?» ባርኔጣውን ከራሱ ላይ አነሳ። «ነፍስ ይማር፣ ብላንዲና። ኤራስሞ ወንድሜ ነበር።»

ዶኛ ብላንዲና ወንበር ስበው ተቀመጡ። አለቀሱ። አባቴም አለቀሰ። እኔ ማቴ ሞልቼ ሰጠኋቸውና ለራሴ ጥግ ፈልጌ አለቀስኩ። ድንቹ ጠቆረ፤ ማን አየው!

ሲበቃቸው ዶኛ ብላንዲና ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ብድግ አሉ፣ ካርታውን ጠቅልለው ለእኔ ሰጡኝ።

«ስሚ አንቺ ልጅ። ደቦ በወረቀት አይጠየቅም፤ በአፍ ነው የሚጠየቀው።»

ከዚያ ወጡ። በሩን ከኋላቸው ዘጉት። ተቀየሙ ብዬ ልከተላቸው ስል አባቴ እጄን ያዘኝ። በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?» አለ አባቴ።

«ብላንዲና ነኝ፤ የኤራስሞ ሚስት። ቤቴን ላሻግር አስቤ ነው፣ ዶን ፊሊዶር። በሬዎችዎንና መሬትዎን ልለምን መጣሁ።»

አባቴ በዚያ ጉልበቱ ራሱ ተነስቶ ከፈተላቸው።

እኔ ቁልቁለቱን በሩጫ ወረድኩት። ሮሳሜል ዝናቡ ላይ ገመድ ይዞ ቆሟል፤ ሲያየኝ ፊቱ አመድ መሰለ።

«እናቴ ምን ሆነች?»

«ከአባቴ ጋር እየተጣሉ ነው።»

«በምን?»

«የእሳቸው አልጋ በየት በኩል ይሁን በሚለው።»

አልገባውም። «የማን አልጋ? የት?»

«ሮሳሜል!» አልኩት እየሳቅሁም እያለቀስኩም። «ቤታችሁ ሊሻገር ነው። ራሳቸው አንኳኩተው ለመኑ። አባቴ እሺ አለ።»

ገመዱን ለቀቀው። ጀልባዋ ቀስ ብላ ከዳርቻው መራቅ ጀመረች፤ ሁለታችንም አላየናትም። እጆቼን ያዘና ግንባሩን ግንባሬ ላይ አሳረፈ። ምንም አላለኝም። እኔ ብዙ ገጽ የጻፍኩ ሰው ነኝ፤ ያንን ዝምታ የሚያህል ነገር ግን እስከ ዛሬ አልጻፍኩም። ጀልባዋን በኋላ ደረቱ ድረስ ውሃ ገብቶ አመጣት።

ዶኛ ብላንዲና ሁለቱንም ዳርቻ ደጅ ለደጅ ዞሩ። ማንም እንቢ አላላቸውም። ባሕሩ በጣም በሚሞላበት ቀን ሁሉም ተሰበሰበ። መስኮቶቹን ነቀሉ፣ ግድግዳው እንዳይፈርስ ከውስጥ በእንጨት ደገፉት፣ ዙሪያውን ባዶ በርሜል አሰሩበት። ቀሪው ነገር አንድ ነው፤ ባለቤቲቱ አልወጣም አሉ።

«እማዬ፣ እባክሽ ውጪ!» ሮሳሜል ለመናቸው።

«የምወጣው ሬሳዬ ሲወጣ ነው ብያለሁ። የማልኩት እኔ፣ የምጠብቀውም እኔ። ይልቅ ጎትት!»

እኔና አባቴ ወዲህ ዳርቻ በሬዎቹን ጠምደን እንጠብቃለን። ደሴት በገመድ ሲጎተት ስንት ጊዜ ስያለሁ! ያን ቀን ግን ሰማያዊ ቤት በባሕር ላይ እየተንገዳገደ ሲመጣ ሳይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከሁሉም በላይ የገረመኝ ጎባጣው ጭስ ማውጫ መጨሱ ነው። እሳቸው ውስጥ ቁጭ ብለው ውሃ እያፈሉ ነው!

መሀል ሰርጡ ላይ ሲደርሱ ኃይለኛ ወራጅ ውሃ ያዛቸው። ቤቱ ዘወር አለ። የፊተኛው ገመድ ሲበጠስ ድምፁ እኛ ድረስ ተሰማ። ቤቱ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ፤ ወደ ሰፊው ባሕር መሄድ ጀመረ። ጭሱ ቆመ።

«ወደ ግራ! ወደ ግራ በሉት!» አባቴ ይጮኻል፣ ማንም እንደማይሰማው እያወቀ።

«እመቤቴ ማርያም፣» አልኩ፣ «ቤቱም ይቅር፣ ሠርጉም ይቅር። ሁለቱን ብቻ መልሺልኝ።» ከልቤ ነበር። በዚያች ሰዓት መጽሐፌን ስጪ ቢሉኝ፣ ካርታዎቼን ሁሉ ስጪ ቢሉኝ፣ እሰጥ ነበር።

ሮሳሜል ጀልባዋን አዞረ። ሌላ ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ውሃው ውስጥ ዘለለ። ጠፋ። ከዚያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሲንጠላጠል አየሁት፤ ገመዱን ከቤቱ ምሰሶ ጋር ሲያስር፣ አንድ ጊዜ ሲንሸራተት፣ ከውስጥ የወጣ እጅ አንገትጌውን ሲይዘው አየሁ። የእናቱ እጅ ነው። ጀልባዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሳቡ። ቤቱ አቃሰተ፣ ተቃና፣ ፊቱን ወደ እኛ መለሰ።

የቀረውን በደንብ አላስታውሰውም። ወገቤ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሜ ገመድ እጎትት ነበር፤ ከፊቴ የኬቲሎ ሰው፣ ከኋላዬ የሊዩኬ ሰው፣ አባቴ በሬዎቹን በስማቸው እየጠራ ይለምናቸዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ እውነት ነው። መዳፌ ተልጦ ነበር፣ ሕመሙ የተሰማኝ በማግስቱ ነው። እነዚያን ሰዎች ዛሬም መንገድ ላይ ሳገኛቸው እጃቸውን እስማለሁ። ብዙዎቹ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

ቤቱ ከፖም ዛፉ በላይ ቆመ። ደጃፉ ወደ ፀሐይ መውጫ ዞረ። ሰው ሁሉ ገመዱን ጥሎ ባለበት ቁጭ አለ። ሮሳሜል ውሃው ከልብሱ እየወረደ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ዓይኑ እኔ ላይ ነው። ልሄድለት ስል በሩ ከውስጥ ተገፋ። በመንገዱ ተጣሞ ስለነበር እንቢ አለ። እንደገና ተገፋ፣ ተከፈተ።

ዶኛ ብላንዲና ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ርሷል፤ በእጃቸው የፈላ ማንቆርቆሪያ ይዘዋል። ከደጃፉ ወዲህ አልወጡም። ሕዝቡን ሁሉ በዓይናቸው አለፉት፣ አባቴን አለፉት፣ ልጃቸውን አለፉት፣ ዓይናቸው እኔን ፈልጎ አገኘኝ።

«ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ?» አሉ። «ግቢ እንጂ! ሰው በገዛ ቤቱ ደጃፍ ላይ እንግዳ ይሆናል?»

እርጥብ ጫማዬን በሩ ላይ አወለቅሁና ገባሁ።